እማዬ ያለቀሰችበት ገና

እኔ ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አላሳለፍኩም፣ ሰው ፊት ስቆም ደግሞ ስሜን እንኳ በቅጡ መናገር ያቅተኛል። ግን አሁን በምሠራበት የቂሊንጦ ፋብሪካ ካርቶን የምናጣብቅበት ኮላ በተከፈተ ቁጥር ሽታው አቃቂ ወደነበረው ቤታችን ይመልሰኛል፣ የወንድሜ የወንዴ የጥጥ ጢም እንደዚያ ነበር የሚሸተው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዚያ ክረምት እማዬ ወንድ ልጅ ወለደች። ዝናቡ ቆርቆሯችንን ሲደበድበው ሕፃኑ አይነቃም ነበር፣ ይልቅ ሲያባራ ደንግጦ ያለቅስ ነበር፣ እማዬም «ይሄስ የአቃቂ ልጅ ነው፣ ፀጥታ አይወድም» እያለች ትስቅ ነበር። ክርስትና ሊነሣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ትኩሳት ያዘውና ሞተ። ክርስትና ስላልተነሣ ፍትሐት አልተደረገለትም፣ የእድሩ ጥሩንባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም፤ አባባ በነጠላ ጠቅልሎት ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ወጣና ባዶ እጁን ተመለሰ። ሴቶቹ መጥተው «ለእንዲህ ያለው አይለቀስም፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ብለዋት ሄዱ፣ እማዬም አላለቀሰችም።

መስቀል አልፎ አደይ አበባው ሲረግፍም እንደዚያው ዝም እንዳለች ነበረች። ሽሮውን ትሠራለች፣ ልብሳችንን ታጥባለች፣ ካልጠየቅናት ግን አትናገርም ነበር። ቤተ ክርስቲያን መሄዷንም ተወች። አባባ እሁድ ጠዋት ነጠላዋን አውርዶ ሲሰጣት መልሳ እየሰቀለችው፣ «ልጄን ያላስገባ በር ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ትለው ነበር። አባባ ከሚሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽን በላይ መጮህ የለመደ ሰው ነበር፣ ያኔ ግን የራሱን ነጠላ አጣፍቶ ብቻውን ይወጣ ነበር።

ወንዴ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር፣ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ግጥምና ድራማ የሚጽፈውም እሱ ነበር። የገና ጾም ሲገባ ንጉሥ ሄሮድስ የቤተ ልሔምን ሕፃናት ስለማስገደሉ ድራማ ጻፈ፣ ሄሮድስን የሚሠራ ሰው ግን ጠፋ፣ ምክንያቱም በእኛ ሰፈር የክፉ ሰው ቦታ የሠራ ስሙ እሱው ሆኖ ይቀር ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ይሁዳን የሠራውን ልጅ የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ «ይሁዳ፣ ሒሳብ!» ይሉት ነበር። ስለዚህ ወንዴ ራሱ ሄሮድስ ሊሆን ተነሣ፣ አባባ ባመጣለት የወዳደቀ ጥጥ ላይ ኮላ እየቀባ ጢም ሠራ። እማዬ ጢሙን ስታይ በስንት ጊዜዋ ጮኸች።

«ከዚህ ቤት ወጥተህ ሕፃን ገዳይ ልትሆን?»

«ማን ይሥራው ታዲያ እማዬ?»

«ይቅራ!»

ወንዴ ግን አልተወውም፣ ለእኔም ልጇን ወታደር ሲነጥቃት «ልጄን!» ብላ የምትጮኸውን እናት ቦታ ሰጠኝ። አልችልም ብዬ ባለቅስ፣ «አንቺ ካለሽበት እማዬ ትመጣለች» አለኝ። እኔም እማዬን ከዚያ በር ለማስገባት ስል ጾሙን ሙሉ የግቢው ሽንት ቤት ውስጥ ተደብቄ «ልጄን!» እያልኩ ስለማመድ ከረምኩ፣ ወረፋ የሚጠብቁት ጎረቤቶች «ይቺ ልጅ ደግሞ ምን ነካት?» ይሉ ነበር።

የገና ዕለት እማዬ መጣች። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ ቆማ አባባን ተከትላ ገባች፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ መጨረሻው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወታደሩ መጥቶ በጨርቅ የጠቀለልኩትን ልጄን ሲነጥቀኝ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፄ ግን እምቢ አለኝ። ወንዴ ከዙፋኑ ላይ ሆኖ በዓይኑ ይለምነኝ ነበር። ልጆች መሳቅ ጀመሩ፣ ያኔ ከኋላ «ልጄን! ልጄን ወዴት ትወስዱታላችሁ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ሰዉ መጀመሪያ የድራማው ክፍል መስሎት አጨበጨበ። እማዬ ደረቷን እየመታች ወደ ፊት ስትመጣ ጭብጨባው ቆመ፣ ወንዴም ጢሙ ግማሹ እንደተንጠለጠለ ከዙፋኑ ወርዶ እግሯ ሥር ተንበረከከ። አንዱ አስተባባሪ ሊያስወጣት ሲነሣ የንስሐ አባታችን መቋሚያቸውን ዘርግተው አገዱት።

«ተዋት፣ ታልቅስ። ሄሮድስ የገደላቸውስ ክርስትና ተነሥተው ነበር? ሰማዕታት እያልን አይደል የምንጠራቸው?» አሉ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከበቧት፣ ክረምት ላይ ያልተለቀሰው ለቅሶ በገና ተለቀሰ፣ ድራማውም ሳያልቅ ቀረ። በማግስቱ ጎረቤቱ የበዓሉን ዶሮ ወጥ ትቶ ንፍሮ ይዞ ቤታችን መጣ፣ የስልጤዋ ባለሱቅ እትዬ ራህመት እንኳ ሱቃቸውን ዘግተው እማዬ አጠገብ ተቀምጠው ዋሉ። ከዚያ ወዲያ እማዬ እሁድ እሁድ ቀስቃሽ አልፈለገችም። ወንዴን ግን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ሄሮድስ ነው የሚለው፣ ሲወልድም «የሄሮድስ ልጆች» አሏቸው።

ዛሬ መንፈሳዊ ድራማ በየስልኩ ሞልቷል፣ ልብሱም መብራቱም ከእኛ በጣም ያምራል። በሰርቪስ ስንመለስ ጓደኞቼ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ያያሉ፣ የሚያለቅስ ካለም ብቻውን ዓይኑን ጠርጎ ፌርማታው ላይ ይወርዳል። ለቅሶ ቤትም ድምፅ ከፍ ሲል «ያዟት፣ ያዟት» ይባላል። የትኛው እንደሚሻል እኔ አላውቅም። እማዬ ዘንድሮ ታማ ስትተኛ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጄን ይዛ ሳቅ አለችና በመጨረሻ የነገረችኝ ይህን ነው፤

«እኔ ስሞት ደግሞ እንዳታፍሪ፤ ጮክ ብለሽ አልቅሺልኝ፣ እሺ ትዕግሥቴ?»