ስሙን «ሰው» ብሎ የሞላው ደንበኛዬ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ቤት ውስጥ መደማመጥ አልተቻለም። እኔ መኝታ ክፍሌ ሆኜ ላፕቶፔን ታቅፌ ደንበኛ እጠብቃለሁ... ደንበኛ የሚባል ነገር ግን ዝር አላለም።

ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ ሰው ገንዘቡን እንዴት እንደሚይዝ ማማከር ነው። ቋሚ ሥራዬን ለቅቄ ነው የገባሁበት። ሀብታሙ የራሱ ሒሳብ ሠራተኛ አለው። መሀል ላይ ያለው አስተማሪ፣ ነርስ፣ ባለሱቅ ግን ደሞዙ የት ገብቶ እንደሚያልቅ የሚያማክረው የለም። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ገጽ ከፈትኩ። ሰው ገቢውንና ወጪውን ይሞላል፣ ገጹ አስልቶ ያሳየዋል፣ እኔ የምጽፈውን ምክር ደግሞ ስልኩ ላይ በቴሌግራም ያደርስለታል። ከይርጋጨፌም ሆነ ከወናጎ የሚኒባስ ከፍሎ ዲላ ድረስ መምጣት የለበትም። ካልፈለገ ስሙንም መናገር የለበትም።

ችግሩ... ዲላ በኢንተርኔት አንዴ ተበልታለች። «ሰው አምጡ፣ ብራችሁ ይወልዳል» የሚሉ መጥተው ጎረቤቶቻችንን ሳይቀር አራቁተው ጠፉ። ከዚያ ወዲህ «ኦንላይን» እና «ገንዘብ»ን አንድ ላይ የጠራ ሁሉ ሌባ ነው።

ከሁሉም የባሰው አባቴ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ይርጋጨፌ የቡና ማጠቢያ ውስጥ እሸት ቡና ሲረከብ የኖረ ሰው ነው። ገበሬው ጆንያውን ሲያወርድ አባዬ ከላይ ያለውን አያይም። እጁን እስከ ክርኑ ይከትና ከታች ያለውን ዘግኖ ያወጣል፣ ያልበሰለው አረንጓዴ የሚደበቀው እዚያ ነውና። «ከላይማ የሁሉም ቀይ ነው» ይላል። የሥራዬን ነገር ስነግረውም ያለኝ ይህንኑ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ልጅህ ምን እየሠራች ነው?» ሲሉት «ሥራ እየፈለገች ነው» ብሎ ያልፋል። እኔ እዚያው አጠገቡ ቆሜ! አንጀቴ ነው የሚያርረው።

እና ያን ቀን አንድ ጥያቄ ገባ። ስም፦ ሰው። ዕድሜ፦ በቂ። ሥራ፦ ነበረኝ።

ወይ ጉዴ! ይሄ ደግሞ ምን ዓይነቱ ነው?

«ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳዎት?» ብዬ ጻፍኩ።

«ገንዘብ አለኝ። በወር እጥፍ የሚሆንበትን ንገሪኝ።»

«እንዲህ ያለ ነገር የለም። አለ የሚልዎት ካለ ይሽሹት።»

ቆየ... በአንድ ጣት እየፈለገ እንደሚጽፍ ያስታውቃል።

«ሌሎቹ አለ ይላሉ። አንቺ ብቻ ነሽ የማታውቂው?»

አሁን ጠረጠርኩ። ሌባ ነው? ወይስ እኔን ሊያጠምደኝ የተላከ? እንዳልዘጋው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ብቅ ያለ ደንበኛ እሱ ብቻ ነው።

«እሺ ተይው» አለ። «ብዙ አስተማሪ አውቃለሁ። ላምጣልሽ፣ አንቺ ገንዘባቸውን ተቀበይ፣ ከዚያ እንካፈላለን። ማን ያየናል?»

አልዋሻችሁም፣ «ብዙ አስተማሪ» የምትለዋን ሳነብ ልቤ አንዴ ዘለል ብላለች። ቀጥሎ ግን ደሜ ፈላ።

«ይስሙኝ ጌታዬ» ብዬ ጻፍኩ። «አባቴ እሸት ቡና ተረካቢ ነበር። የእርስዎን ዓይነት ጆንያ ከነባለቤቱ ነው የሚመልሰው። እኔም የሱ ልጅ ነኝ። ሰው ለማራቆት ከሆነ የመጡት፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልዎ!»

ልዘጋው ስል መልስ መጣ።

«አባትሽ ስለ ሥራሽ ምን ይላል?»

ምን አገባው? ግን እንጃ... ደክሞኝ ነው መሰለኝ፣ ለማላውቀው ሰው እውነቱን ጻፍኩለት።

«አያምነኝም።»

ላክሁት። ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበርና ልክ በዚያች ቅጽበት ሳሎን ውስጥ አውራ ዶሮ ሲጮኽ ሰማሁ።

እኛ ቤት ዶሮ የለም። ያለው የአባቴ ስልክ ነው። ማሽን አጠገብ ሲኖር ጆሮው ስለደከመ፣ መልእክት ሲመጣለት እንዲሰማ ብዬ እኔው ራሴ ነኝ የአውራ ዶሮ ድምፅ የጫንኩለት።

አይሆንም... ብዬ ለማረጋገጥ አንዲት ነጥብ ብቻ ላክሁ። ኩኩሉ! ሌላ ነጥብ ላክሁ። ኩኩሉ!

ብድግ ብዬ ሳሎን ገባሁ። አባዬ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ፣ ስልኩን ክንዱ የቻለውን ያህል አርቆ ይዞ፣ ያቺን «አያምነኝም» የምትለዋን እያየ ነው። ነጥቦቹ ምን እንደሆኑም ግራ ገብቶታል።

«አባዬ... አንተ ነህ?»

አልደነገጠም። ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«እጄን ከትቼ ነው» አለኝ። «እስከ ታች።»

«እና?» አልኩት።

«እና ምን... ቀይ ነው እንጂ።»

እዚያው ቆሜ ተንሰቀሰቅሁ። እሱ ደግሞ መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጫፍ ሲወለውል ቆየ፣ ምንም ያልቆሸሸ መነጽር። ከዚያ «ሻይ የለም እንዴ በዚህ ቤት?» ብሎ ተቆጣኝ።

ሻዩን አፍልቼ ሰጥቼው ወደ ክፍሌ ስመለስ አዲስ ጥያቄ ገብቶ ጠበቀኝ። የጡረታ ገንዘቡን እንዴት ቢይዘው እንደሚሻል ነው የሚጠይቀው፣ አሁን ከምሩ ነው። ዕድሜውን አሁንም «በቂ» ብሎታል። ስም የሚለው ላይ ግን «የአማካሪዋ አባት» ብሎ ሞልቷል።