ጤዛው ሳይረግፍ

መስከረም ለሠርግ ፎቶ አንሺ የሥራ ፈት ወር ነው። ሙሽሮቹ የሚመጡት በጥር ነው፤ እስከዚያ ደብረ ታቦር መሃል ባለችው ጠባብ ስቱዲዮዬ ውስጥ የተማሪ ጉርድ ፎቶ ሳነሳ፣ «ቀና በል፣ አትሳቂ፣ ጆሮሽ ይታይ» ስል እከርማለሁ። ታዲያ ጳጉሜን አልቃ ጉሙ ከጉና ላይ መነሣት ሲጀምር ስቱዲዮውን ቆልፌ፣ ካሜራዬን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ ገጠር እወጣለሁ። አጠገቤ ያለው ልብስ ሰፊ «የመስከረም ወፍ በረረች!» ይለኛል። ይበል። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ «ቀና በል» የማልለው ነገር ፊት መቆም ያምረኛል።

ስንት ዓመት ባነሳውም አልለመድሁትም። ሦስት ወር ሙሉ አገሩ ጭቃ፣ ጭስና ጉም ብቻ ሆኖ ይከርማል። ሰውም እንደ ሰማዩ ይከፋዋል፤ እኔማ በነሐሴ ደህና አደርሽ ያለኝን ሁሉ ልጣላ ይቃጣኛል። ከዚያ አንድ ጠዋት ስትነሺ የድንጋይ ካቡ ሥር፣ የመቃብሩ ዳር፣ የመብራት ምሰሶው እግር ሳይቀር ቢጫ ሆኖ ታገኚዋለሽ። አደይን የዘራ የለም፣ የኮተኮተ የለም፤ ቀኗን ግን አትስትም። ይኸን ባየሁ ቁጥር የሚሰማኝ ደስታ ብቻ አይደለም፣ ፍርሃትም አለበት። ማን ነው የነገራት? እላለሁ።

ካቻምና በነሐሴ የክርስትና አባቴ ወደ ስቱዲዮዬ መጡ። ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ፣ ጉና ግርጌ የሚያርሱ የእናቴ መንደር ሰው ናቸው። ወላጅ አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ «አባባ» ብዬ የምጠራው እርሳቸውን ነው። ከነጋቢያቸው ጉርድ ፎቶ የማነሳበት ወንበር ላይ ሲቀመጡ ፎቶ ሊነሡ መስሎኝ መብራቱን አበራሁት።

«አጥፊው እቴ፣ እኔን አይደለም» አሉ። «ባቄላውን ነው።»

ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ከአዝመራው በኋላ በሬዎቹን ለወንድማቸው ልጅ ሰጥተው ባሕር ዳር፣ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ሰኔ ላይ የዘሩት ባቄላ በገዛ እጃቸው ያረሱት የመጨረሻ ማሳ ነበር።

«እዚያ ቤት በመስኮት የሚታየው የሌላ ሰው መስኮት ነው» አሉ። «አበባ ላይ ሳለ አንሽልኝና ግድግዳው ላይ ልስቀለው። ግን ልጀ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ነይ። ጤዛው ሳይረግፍ ባቄላ ውስጥ እግር አይገባም። እርጥብ ቅጠል የነካ እግር ዋግ ይዞ ይዞራል።»

ዋግ ቅጠሉን እሳት እንደነካው የሚያጠቁር የእህል በሽታ ነው። ለእኔ ይኸን መንገር አያስፈልግም ነበር፤ በልጅነቴ በጤዛ ባቄላ ውስጥ ገብቼ እናቴ አርጩሜ ቆርጣ ማሳ ለማሳ አባርራኛለች። «እሺ አባባ» አልኋቸው፤ ከልቤም ነበር።

መስከረም አጋማሽ ላይ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ ገና ጎህ ሲቀድ ደረስሁ። ለምን እንደዚያ እንደማለድሁ አሁን አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ግን «ኋላ መኪና ይጠፋ ይሆናል» ብዬ ራሴን ሸነገልሁ።

መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነው። ያበበ የባቄላ ማሳ ገና ከሩቅ፣ ሳያዩት ይጣራል። ጉሙ ማሳው ላይ ተኝቶ ነበር። ቀስ እያለ ሲነሣ አበባዎቹ ረድፍ በረድፍ ወጡ። ነጭ ናቸው፣ በእያንዳንዱ መሃል አንድ ጥቁር ነጥብ፤ ልክ ዓይን። ስፍር ቁጥር የሌለው ዓይን ነቅቶ ያየኝ መሰለኝ። ከማሳው ወዲያ፣ ካቡን ተከትሎ፣ አደይ ፈንድታለች። ከዚያ ፀሐይ ከጉና ትከሻ ላይ ብቅ ስትል እያንዳንዱ የጤዛ ጠብታ በአንድ ጊዜ በራ። ሳላስበው «ማርያም ማርያም!» አልሁ።

ከዳር ቆሜ አነሣሁ። ያየሁት ነገር ካሜራው ውስጥ የለም። አሁንም አነሣሁ፤ አሁንም የለም፤ አረንጓዴ ነገር ከላዩ ነጭ ነገር ብቻ ነው። ውስጡ ገብቶ ዝቅ ማለት ያስፈልግ ነበር። ፀሐይዋ ግን እየወጣች ነው፣ ያ ብርሃን ደግሞ ቆሞ የሚጠብቅ አይደለም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ። እኔ አልናቅኋቸውም፣ እወዳቸዋለሁ። ግን ገባሁ። ጫማዬን አውልቄ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ እንደዚያ ካደረግሁ ጤዛው የማይቆጥረኝ ይመስል እስከ ማሳው መሃል ሄድሁ።

ተንበረከክሁ። አበባው ከራሴ በላይ ሆነ። ንቦቹ ገና ብርድ ስለያዛቸው ከአበባ አበባ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ጠብታው ውስጥ ሌላ ትንሽ ማሳ ይታያል፣ ተገልብጦ። ካሜራውን ረስቼው ቆየሁ። ከዚያ ሳስታውሰው ምን ያህል ጊዜ እንደተጫንሁት አላውቅም፤ እንባዬ እየወረደ እንደነበር ግን አውቃለሁ።

ብርሃኑ ሲያልፍ ወጥቼ ዞር ብዬ አየሁ። ማሳው በጤዛ ብር መስሏል። የሄድሁበት ብቻ ጤዛው ረግፎ ጥቁር አረንጓዴ መንገድ ሆኗል፤ እስከ መሃል ገብቶ ይመለሳል።

አባባ ቤት ሄጄ ቁርስ ቀመስሁ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ይዘውኝ ሄዱና ከዳር አነሣሁላቸው። ያ መንገድ ከጤዛው ጋር ጠፍቶ ነበር። እርሳቸውም ምንም አላሉም፤ እኔም ተመስገን ብዬ ወደ ከተማ ተመለስሁ።

መስቀል ካለፈ በኋላ የወንድማቸው ልጅ፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው፣ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሣ መጣ። «የአባባ ባቄላ ዋግ ገባበት» አለኝ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ። «የሚገርመው ደግሞ በመስመር ነው የጀመረው። ልክ ሰው እንደሄደበት።»

«ቀና በል» አልሁት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስሁት ግን የሚለቀም አልነበረም። የአንድ ሰው የመጨረሻ ማሳ ነው።

እስከ ታኅሣሥ ድረስ ወደዚያ አልሄድሁም። ባቄላው ተወቅቶ ባሕር ዳር የሚሄዱበት ሳምንት ሲደርስ «ፎቶዬስ?» ብለው ላኩብኝ። ከዳር ያነሣሁትን አጠብሁ። ከውስጥ ያነሣሁትን ልሰርዘው ኮምፒውተር ላይ ከፈትሁት፤ ዝም ብዬ ልሰርዘው ግን አንጀቴ አልቻለም፣ አንዴ ልየው ብዬ አጎላሁት። ከላይ በኩል፣ ጉሙ ውስጥ፣ ካቡ አጠገብ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ቆሟል። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሟል። የሚያየው ወደ እኔ ነው።

ሁለቱንም ይዤ ሄድሁ። ደጃፋቸው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ፎቶዎቹን ጭናቸው ላይ አስቀምጬ እግራቸው ሥር ወደቅሁ።

«ተነሽ፣ ተነሽ» አሉ። የውስጡን አንሥተው ዓይናቸው ድረስ አቀረቡት።

«ቆመው ያዩኝ ነበር» አልኋቸው። «ምነው ሳይጣሩ ቀሩ?»

«ልጣራ አፌን ከፍቼ ነበር። አንች ግን ታቦት እንደሚያልፍበት ሰው ተንበርክከሽ ነበር። አምሳ ዓመት አረስሁ ልጀ። ያለፈው ያገደመው ሁሉ ‹ስንት ኩንታል ይወጣዋል?› ይለኛል እንጂ፣ ቆሞ ያየልኝ ሰው አልነበረም። ዝም አልሁ።»

«ዋጉስ?»

«ዋጉማ በእግርሽ ነው የገባው። ሩቡን በልቶታል። ሦስት ቀን ተቆጥቸሻለሁ፣ ምን ይዋሻል» አሉ። «በአራተኛው ቀን እኔም ገብቼ ተንበረከክሁ። ለአረም እንጂ ለማየት ጎንበስ ብዬ አላውቅም ነበር። ኧረ ስንቱን ዓመት አሳለፍሁት!» ከዚያ ዓይናቸውን ከፎቶው ሳያነሡ «ጤዛው ከረገፈ በኋላ ነው ታዲያ የገባሁት» አሉኝ።

የውስጡን ወሰዱ። የዳሩ አሁን ስቱዲዮዬ ውስጥ፣ ከጉርድ ፎቶው ወንበር በላይ ተሰቅሏል።

ዘንድሮ ማሳውን የወንድማቸው ልጅ ገብስ ዘርቶበታል። መስከረም ላይ ጎህ ሲቀድ ሄድሁ። ለገብስ ጤዛው ያን ያህል አያስፈራም፤ እኔ ግን ካሜራዬ ከነጠላው ሳይወጣ ካቡ አጠገብ፣ እርሳቸው የቆሙበት ቦታ ላይ ቆምሁ። ፀሐይ ከጉና ትከሻ ላይ ወጣች። ጠብታው ሁሉ በራ። ያ ብርሃን መጣ፣ አለፈም። ከዚያ ባሕር ዳር ደወልሁ።

«ማሳው ዳር ነኝ አባባ።»

«ረገፈ?» አሉኝ።

«ረገፈ።»

«በይ እንግዲያ ግቢ።»