ከሐውልቱ ሥር የተቀበረው ባና

ባለፈው ሰሞን መታወቂያ ላሳድስ ከመሐል ሜዳ ወዲህ ወዳለችው የትውልድ ከተማዬ ሄጄ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ መግቢያ ላይ በተሰቀለው አሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ዓይኔ ሲያርፍ የዘይት ቀለም ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። በግቢው ግን ቀለም የሚቀባ ሰው አልነበረም።

ፎቶው ላይ አደባባያችን ይታያል። በስተግራ የደርጉ ሐውልት፣ ኮከቡ ተሰብሮ፣ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮበት። በስተቀኝ አዲሱ የሰማዕታት ሐውልት፣ ግርጌው ጥግ ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጎበት። ሁለቱ ጎን ለጎን የቆሙት ያን ሰሞን ብቻ ነበር።

ያሳደገችኝ አክስቴ አንድ ልጇ ወታደር ሆኖ ሰሜን ሄዶ ቀረ። በእኛ አገር አስከሬን ካልመጣ የሟቹ ልብስ ተዘርግቶ ይለቀሳል። እሷም የበጉን ጠጉር ራሷ ፈትላ ያሠራችለትን ባና፣ የልጇን የብርድ ልብስ፣ ዘርግታ አለቀሰች። የደርግ ሰዎች «ይህ ሐውልት ለወደቁት ልጆቻችሁ ነው» ሲሉ ደግሞ አምናቸው፣ ሥሩን ቆፍራ ባናውን ቀበረችው። የልጇ መቃብር ያ ነበር። በገበያ ቀን አጠገቡ ቁጭ ብላ «ዘንድሮ ገብሱን ውርጭ አልነካውም» እያለች ታወራው ነበር።

መንግሥት ተለወጠ። አዲሱ ሐውልት ሲመረቅ እኛ ተማሪዎቹ ልንዘምር ተሰለፍን። አሮጌውን የሚያፈርሱት የቀን ሠራተኞች ሥሩን ሲቆፍሩ ባናው ወጣ። አንዱ አራግፎት ሳቀና ከአዲሱ ሐውልት ላይ የተንጠባጠበውን ቀለም ይወለውልበት ጀመር። አክስቴ ሰልፉን ጥሳ ሮጠች።

«ልጄን ስጡኝ! ልጄን!»

ምረቃውን የሚመራው ካድሬ የልጇ እኩያ ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ የደርግ ወታደር እዚህ ሐውልት የለውም። ዞር በይ፣ ፎቶ እየተነሣ ነው» አላት።

ጎትተው አስወጧት። ሠራተኛውም ባናውን ከአዲሱ ሐውልት ግርጌ ጥሎ ዞር አለ፤ ፎቶው ተነሣ። ከዚያ እልል በሉ ተባለ። ልጆቻቸው የት እንደወደቁ የማያውቁ እናቶች እልል አሉ፣ እኛም ዘመርን። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሲመሽ ሠራተኛው ባናውን ወረወረላት። በእንዶድ ብታሸው፣ ብታሸው ቀለሙ አልለቅ አለ፤ ደርቆ እንደ ቁርበት ተገተረ። «መልሰሽ አትቀብሪውም?» ስላት «የት ብዬ?» አለችኝ። እስክትሞት ድረስ ለብሳው ተኛች።

«ይሄ ጨርቅ ምንድን ነው?» አልኩት አጠገቤ የቆመውን የማዘጋጃ ቤቱን ወጣት ጸሐፊ፣ ፎቶው ላይ ባናውን እያሳየሁት፣ የሚለውን ልስማ ብዬ።

«የቀለም መወልወያ ነዋ! ምን ዋጋ አለው፣ ፎቶውን አበላሸው እንጂ። ቆርጠን ልናወጣው አስበናል።»

የአክስቴ ልጅ ሌላ ፎቶግራፍ የለውም።