ሐረርን የናቀው እጩ አማች

ዲላ ውስጥ የይመኙሻል ገበየሁ ስም ሲነሳ፣ «አስተርጓሚውን ከደጃፏ የመለሰችዋ?» የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። እሷ ሌላም ብዙ ነገር ሠርታለች፤ ነግዳለች፣ ልጆች ወልዳ አሳድጋለች፣ ቤት ሠርታለች። ሰው ግን የያዘላት ያንን እሑድ ነው።

ያኔ ጣልያን ዲላ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። አባቷ አቶ ገበየሁ ገበያው ዳር ጨውና አቡጀዲ የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው። ታላቅ ወንድሟ ወልዱ፣ «ጫካ ላሉት አርበኞች ጨው ታሻግራለህ» ተብሎ ጣልያኖቹ ካምፕ ውስጥ ታስሯል። እናቷ ወይዘሮ አሰገደች ስንቅ በአገልግል ይዘው በየቀኑ ካምፑ በር ድረስ ይሄዳሉ። ዘበኛው አንዳንድ ቀን ይቀበላቸዋል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አገልግሉን በጫማው ገፍቶ ይመልሳቸዋል። አዛዡ ካፒቴን አማርኛ አይሰማ፣ እሳቸው ጣልያንኛ አያውቁ፤ ስለ ልጃቸው ለማን ይናገሩ?

ወንድይራድ የመጣው በዚህ መሀል ነው። የጎረቤታቸው የእትዬ ማሚቱ የወንድም ልጅ ነበር፤ ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። ጣልያን አዲስ አበባ ላይ በከፈተው የአስተርጓሚዎች ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ጨርሶ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ዲላ ካፒቴኑ ዘንድ ተመደበ። እትዬ ማሚቱ ወዲያው ሽማግሌ ላኩ። «ልጅቷን ስጡን፤ ወንድይራድ ካፒቴኑ ጆሮ ላይ አንድ ቃል ጣል ካደረገ፣ ወልዱ በማግስቱ ቤቱ ነው» አሉ።

አቶ ገበየሁ ልጃቸውን ጠርተው፣ «አላስገድድሽም ልጄ፤ ብቻ ወንድምሽን አስቢው» አሏት። ከማስገደድ የባሰ ነገር ነበር። ይመኙሻል፣ «መጀመሪያ ምሳ ይጠራና ልየው» አለች።

እሑድ መጣ። ወንድይራድ ከእትዬ ማሚቱ ጋር ገባ፤ ካኪ ለብሷል፣ ጫማው ያብለጨልጫል። ከመቀመጡ በፊት መሐረብ አውጥቶ ወንበሩን ጠረገው። ወይዘሮ አሰገደች ያንኑ ወንበር ጠዋት አጥበውት ነበር።

«ለብቻዬ ሳህን ይደረግልኝ» አለ። «ብዙ እጅ በገባበት ገበታ መብላት ትቻለሁ።»

«ሰማችሁ? ለብቻው!» አሉ እትዬ ማሚቱ፣ የሰማይ ደጅ የተከፈተላቸው ይመስል።

ሳህን ተፈልጎ መጣ። ከእንጀራው ጎን የተቀመጠለትን ቆጮ በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገና፣ «ይሄን የእንሰት ልጥ አሁንም ትበላላችሁ?» አለ። ከዚያው ከእንሰቱ ሥር ተወልዶ፣ ቆጮ በልቶ ያደገ ልጅ!

አቶ ገበየሁ ነገሩን ለማለፍ፣ «ሐረርን አየህ አሉ፤ እኔ ወሬዋን እየሰማሁ አረጀሁ። እስቲ አጫውተን» አሉት።

«ሐረር?» ወንድይራድ ሳቀ። «ስንመረቅ ለሽልማት ብለው ወሰዱን እንጂ፣ እኔስ በገዛ እግሬ አልሄድም ነበር። ድንጋይና ጭቃ ነው አቶ ገበየሁ! ታሪክ የሚሉት ግንብ የከብት በረት ይመስላል። ጅብ እንኳ እንደ ዘመድ የሚገባበት ከተማ ነው።»

«ቤቶቹስ?» አለች ይመኙሻል፣ ጠላ እየቀዳችለት። «ግድግዳውን ሙሉ በስፌትና በሳህን ያስጌጡታል ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ማን እዚያ ውስጥ ይገባል! ከግንቡ ውጭ ቆሞ ያየ ምን ጎደለበት?»

ይመኙሻል ማንቆርቆሪያውን ቀና አደረገች። ሐረር ድረስ ሄዶ በር ያልገባ ሰው መሆኑ ነው።

እሱ ግን ወሬውን ወደ ትምህርት ቤቱ ማደሪያ አዞረው። የብረት አልጋ ነበረን፣ ደወል ሲደወል ሁሉም ይነሳል፣ ደወል ሲደወል ሁሉም ይሰለፋል፣ እንደ ዲላ ሰው እየተንጫጫ የሚውል የለም፣ አለ።

«ጣልያኖቹም አብረዋችሁ ያድራሉ?» አሉ ወይዘሮ አሰገደች በየዋህነት።

«እነሱማ የራሳቸው አላቸው። ከአገሬው ጋር አይደባለቁም፤ ልክም ናቸው።»

«አንተስ ልጄ?»

«እኔ ምን?»

«አገሬው ነህ ወይስ ከእነሱ ነህ?»

«ወጥ ጨምሩለት እንጂ!» አሉ እትዬ ማሚቱ ተሽቀዳድመው።

ወጥ ተጨመረለት። ወንድይራድ መብላት ሲጀምር ይመኙሻል ከጀርባው ቆማ ነበር። ግራ ክንዱን በሳህኑ ዙሪያ እንደ አጥር አጠረው። አንገቱን ቀበረ። አላምጦ ሳይጨርስ ይጎርሳል፣ ጎርሶ በሩን ያያል። ማን ሊቀማው ነው? ይህ እንግዳ እስኪጠግብ ድረስ ቤተሰቡ እጁን የሚሰበስብበት ቤት ነው። ቀጥሎ ደግሞ ያንን የናቀውን ቆጮ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ፣ ቀስ አድርጎ ኪሱ ከተተው። ማንም ያላየ መሰለው።

የዚያ ማደሪያ ትምህርት ይሄ ነበር። የብረት አልጋው ወሬ ነው።

ወዲያው ከመንገዱ የካሚዮን ክላክስ ጮኸ። ወንድይራድ አፉ እንደ ሞላ ብድግ አለ፤ ሳህኑ ተገለበጠ። ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ በደረቱ ይዞ፣ በሩ ፊት እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ቆመ። ካሚዮኑ አልፎ ሄደ። የጠራውም የፈለገውም አልነበረም። ወጡ በዚያ በሚያብለጨልጭ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል።

«አቶ ወንድይራድ» አለች ይመኙሻል፣ «ስለ ወንድሜ ለካፒቴኑ ምን ይሉልኛል?»

ሳይዞር ዋጠና መለሰ። «እኔ… ካልጠየቀኝ አልናገርም። እሱ ያለውን፣ ሰው ያለውን ነው የምለው። አስተርጓሚ የራሱ ቃል የለውም።»

«ምን ማለትህ ነው?» አሉ እትዬ ማሚቱ። «ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቁኝ እትዬ?»

ይመኙሻል ወደ ጓዳ ገባች። የቀረውን ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ መጣችና በር ላይ እጁ ላይ አኖረችለት። «ኪስዎ ውስጥ ያለው አይበቃዎትም፤ ይሄን ይጨምሩበት» አለችው። «ሚስት ግን ከሌላ ቤት ይፈልጉ።»

ጆሮው ድረስ ቀላ። ጥቅሉን ግን አልመለሰም።

እትዬ ማሚቱ ነጠላቸውን እየጎተቱ፣ «ወንድምሽን ገደልሽው!» ብለው ወጡ። አቶ ገበየሁም ያን ቀን ልጃቸውን ቀና ብለው አላዩም። ያ ነገር ሳይከነክናት አልቀረም፤ ሌሊቱን ሳትተኛ ያደረችው ግን የወንድይራድን ቃል እያመላለሰች ነው። ካልጠየቀኝ አልናገርም ብሏል። እንግዲያ ይጠየቅ!

በማግስቱ አገልግሉን ከእናቷ ተቀብላ ካምፑ በር ቆመች። ካፒቴኑ ከወንድይራድ ጋር ብቅ ሲል፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። «ወንድሜ ጨው ነጋዴ ነው! ጨው ለገዛው ሁሉ ይሸጣል! እናቴ ስንቅ ስታመጣ ዘበኛችሁ ይገፋታል!» ዘበኛው ሊመታት ዱላ ሲያነሳ ካፒቴኑ በእጁ አስቆመውና ወደ ወንድይራድ ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀ።

ወንድይራድ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ አፉን ከፈተ፤ ረዘም አድርጎም ተናገረ።

ወልዱ የተፈታው ጣልያን ሲወጣ ነው እንጂ ያን ቀን አይደለም። ወንድይራድ ምን ብሎ እንደተረጎመላትም ይመኙሻል እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ጣልያንኛ አትሰማም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የእናቷን አገልግል በጫማ የገፋ አልነበረም።