ለኬኩ የነጠረ ቅቤ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ሲያገባ እዚሁ ወልቂጤ ከተማ አንድ አዳራሽ ተጠርቼ ነበር። መድረኩ ላይ ከሰው ቁመት የማያንስ ነጭ ኬክ ተደርድሮ ቆሟል። ሙሽሮቹ ግን ቢላዋውን ይዘው የታችኛውን ብቻ ቆረጡ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ጠጋ ብሎ፣ «አባባ፣ የላዩ እኮ ፎም ነው፤ ኬክ አይደለም» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አቆሙት?»

«ለፎቶ ነዋ።»

ተናድጄ ቤቴ ገባሁ። ልጆቼ ይህን ፊቴን ያውቁታልና ማንም አላናገረኝም። ብቻዬን ተቀምጬ ሳስብ ግን ንዴቱ እየበረደ ሄደ፤ ሐሳቤም ወደ ታላቅ እህቴ ወደ ታደለች ኬክ ተመለሰ።

ያኔ ቤታችን ከተማው ዳር፣ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ነበር። እኔ ብረታ ብረት ቤት ተቀጥሬ በርና መስኮት እበይድ ነበር። ትምህርቴን በልጅነቴ ስላቋረጥኩ የማውቀውን ያወቅሁት ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ በማንበብ ነው። ታደለች ደግሞ የውጭ አገር ነርሶች ቤት ምግብ ታበስል ነበር፤ ፍራፍሬ የገባበት ኬክ መጋገር የተማረችው እዚያ ነው። ነርሶቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ኦቨናቸው ለሌላ ተሸጠ፤ ሙያው ግን እጇ ላይ ቀረ።

በዚያው ዘመን መርካቶ የሚነግድ፣ የእኛው ጸሎት ቤት ልጅ ለጋብቻ ጠየቃት። ልጁ ጨዋ ነው። እናቱ ወይዘሮ አስካለ ግን አዲስ አበባ ያደገች፣ የተማረች ምራት ነበር የሚፈልጉት። «የሰው ምድጃ ስታነድ የኖረች ልጅ ለልጄ ቤት ምን ትሆናለች?» ማለታቸውን ሰማን። እንዲህ ያለ ወሬ መንገድ አይጠፋውም። የቀለበቱ ቀን ሲቆረጥ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች ድግስ ቀርቶ በሻይና በኬክ ብቻ እንዲሆን መከሩ። ታደለችም በሁሉም ፊት፣ «ኬኩን እኔ እጋግራለሁ» አለች። ይህ ለወይዘሮ አስካለ ሲነገራቸው የመለሱት አንድ ቃል ነው፤ «እናያለን።»

አባታችን ነገሩ አልገባቸውም። «ክትፎ ባለበት አገር እንግዳ በኬክ ይሸኛል?» እያሉ ቀናት አጉረመረሙ።

ኦቨን ስላልነበረን ታደለች በከሰል ምድጃ ላይ የምትጋግርበትን መላ አሰበች። እኔ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጬ፣ ጠርዙን አጥፌ፣ ክብ መጋገሪያ ሠራሁላት። ከወንዝ ያመጣሁትን አሸዋ ነፍታ፣ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። አሸዋው ትልቁ ድስት ሥር ይነጠፍና መጋገሪያው እላዩ ላይ ይቀመጣል፤ እሳቱ ቆርቆሮውን በቀጥታ እንዳያገኘው ማለት ነው። የብርቱካን ልጣጭና ያልበሰለ ፓፓያ በስኳር ቀቅላ አደረቀች። ዘቢቡን በወፍራም ሻይ ዘፈዘፈችው። «ነርሶቹ በአረቄ ነበር የሚዘፈዝፉት፤ ለአባዬ እንዳትነግር» ብላ ሳቀች።

የቀረው ቅቤ ነበር። ጊዜው መስቀል ያለፈበት ሰሞን ነው። በእኛ አገር ከመስቀል በኋላ ቅቤ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ያለው ሁሉ ተበልቷል። ታደለች ግን ለጋ ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ አስቀምጣ ነበር።

በቀለበቱ ዕለት ጠዋት ወንበር ለማስተካከል ጸሎት ቤት ሄድን። ስንመለስ ሽታው ከአጥሩ ውጭ ተቀበለን። ታደለች እርምጃዋን አፈጠነች።

«እማዬ፣ ቅቤው የታለ?»

«አነጠርኩልሽ» አለች እናታችን፣ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ለእንግዳ ጥሬ ቅቤ ይቀርባል እንዴ? ለዚያውም ለአማትሽ? ኮሰረቱንም ኮረሪማውንም ሳልሰስት ነው ያደረግኩበት።»

ቅቤው ድስት ውስጥ ወርቅ መስሎ ተኝቷል። ለክትፎ ቢሆን አቻ የለውም። እናቴ ምስጋናዋን ትጠብቃለች። ታደለች ወደ ድስቱ ጎንበስ ብላ አሸተተች።

«እግዜር ይስጥልኝ እማዬ» አለች።

ተከትያት ወደ ጓሮ ወጣሁ። «በዘይት ጋግሪው» አልኳት።

«ቅቤዋ እዚያ ተቀምጦ ዘይት ሳፈስ ብታየኝስ? ምን ልላት ነው?»

«እውነቱን ንገሪያት።»

«ዛሬ? እንግዳ ሊገባ ሲል?» ትኩር ብላ አየችኝ። «ይልቅ ከሰሉን አቀጣጥል።»

ቅቤውን ደጋግማ በንጹሕ ጨርቅ አጠለለችው። ሽታው የሚወጣ ዓይነት አልነበረም። ከስኳሩና ከእንቁላሉ ጋር መታችው፤ ዱቄቱንና ፍራፍሬውን ጨመረች። ወረቀት ስላልነበረን የመጋገሪያውን ውስጥ እሳት ላይ ባለዘበችው ኮባ ሸፈነችው። ድስቱ ሲከደን እናቴ ልማዷ ነውና ፍም በቆርቆሮ ይዛ መጣች። «ዳቦ ከላይም እሳት ይፈልጋል» አለች። ታደለች በቀስታ መለሰቻት፤ «ይሄ ከሥር ብቻ ነው እማዬ።» እኔ ከሰሉን አንዴ ስጨምር አንዴ ስቀንስ ቆየሁ። በመጨረሻ የተሰካው ስንጥር ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ኬኩ ቆንጆ ሆኖ ነፍቷል፤ ኮባው ሲላጥ መስመሮቹ ጎኑ ላይ ታትመው ቀሩ። ዓይኑን ለጨፈነ ሰው ግን ሽታው የመስቀል ዕለት ቤት ነው።

ከሰዓት እንግዶቹ መጡ። ጸሎቱ ተደረገ፤ ቀለበቱ ታሰረ፤ ሻይ ተቀዳ። ታደለች የመጀመሪያውን ቁራሽ ለወይዘሮ አስካለ አቀረበች። ጎረሱ። ረጅም ጊዜ አኘኩ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ክትፎ ክትፎ ይላል» አሉ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። ሙሽራው ጫማውን ማየት ጀመረ። እናቴ የሻይ ማንቆርቆሪያ እንደያዘች በሩ ላይ ቀርታለች። ታደለች «እናቴ ናት» ብትል ነጻ ትወጣ ነበር።

«አዎ እማማ» አለች። «እኛ ቤት ለምናከብረው እንግዳ ቅቤ ሳይነጠር አይቀርብም።»

«ፈረንጆቹም እንዲህ ነበር የሚሠሩት?»

«የለም። የእነሱ በጥሬ ቅቤ ነው። ይሄ የእኛ ነው።»

ወይዘሮ አስካለ ዘቢቡንና የብርቱካን ልጣጩን እየለቀሙ በሉ፤ ሌላውን ትተው ሳህኑን አስቀመጡ። አለቀ፣ አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን ወደ እናቴ ዞሩ።

«ኬኩን አልወደድኩትም፤ አልዋሽም። ቅቤውን ማን ነው ያነጠረው?»

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ኮሰረቱ ከየት ነው? እኛ መርካቶ የምንገዛው ገለባ ነው።»

«ከጓሮዬ ነው።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ወጡ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አልተመለሱም። ሲመለሱ ወይዘሮ አስካለ አንድ እቅፍ ኮሰረት ይዘዋል።

«አንቺ» አሏት ታደለችን፣ «እንደ እናትሽ አድርገሽ ማንጠር ትችያለሽ?»

«እችላለሁ እማማ።»

«እንግዲያው ይበቃኛል። ለልጄ ኬክ አታብዢበት።»

አባቴ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ከዚያ በኋላ እናቴ እስክትሞት ድረስ ለመጣው ሁሉ ታወራው የነበረው ይህንኑ ነው፤ «ጥሬውን ልታቀርብላቸው ነበር እኮ፤ እኔ ደርሼ ነው ያነጠርኩት።» ታደለች አጠገቧ ተቀምጣ፣ «እውነትሽን ነው እማዬ» ትላት ነበር። እኔ ልጆቼን ያሳደግኩት ግማሽ እውነት ውሸት ነው እያልኩ ነው። በዚህም ቀጥቻቸዋለሁ፤ አሁንም የምቀጣ ይመስለኛል። የእህቴን ነገር ግን ከየትኛው ወገን እንደምመድበው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከሰርጉ በተመለስኩ ማግስት አዲስ አበባ ደወልኩላት። ስለ ጤና፣ ስለ ልጅ ልጆቿ ተጨዋወትን።

«እታለም» አልኳት፣ «ያ ቅቤ እንደተበላሸብሽ ለእማዬ ነግረሻት ታውቂያለሽ?»

«የትኛው የተበላሸ ቅቤ?»

እናታችን ካረፈች ስንት ዘመኗ። ከሁለታችን በቀር የሚሰማ ሰው አልነበረም። መልሼ ልሞግታት ከጀልኩና፣ ማንን ለመጥቀም ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

«ምንም» አልኳት።