የጎርፉ ቀን ዜሮ

ቆጣሪዋ ድልድይ ላይ ቆማ ወንዙ የሚያወርደውን ፕላስቲክ መቁጠር ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። በፊት አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበረች፤ ተሳፋሪ መቁጠር የለመደ ዓይን ጠርሙስ አያመልጠውም። በየሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ትቆጥርና ቁጥሩን በስልኳ ትልካለች። መሐንዲሱ ደግሞ ከአምስት ድልድዮች የተላከለትን ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ ከትቶ ስንት ፕላስቲክ ባሕር እንደሚገባ ያሰላል። ሰፈርተኛው «ቆሻሻ ቆጥራ አዳሪ» እያለ ያሾፍባታል። ያሹፍ! ልጆቿን የምታስተምረው በዚሁ ነው።

ዛሬ ጠዋት መሐንዲሱ አምስቱን ቆጣሪዎች ሰብስቦ ካርታውን ግድግዳው ላይ አበራ። ወንዙ ባሕር ከሚገባበት ቦታ ላይ ፕላስቲክ የሚይዝ መረብ ሊዘረጋ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ግን እንዳይበጠስ ይነሳል አላቸው።

«የሚያመልጠን ነገር የለም» አለ። «በዚያ በትልቁ ጎርፍ ቀን አምስቱም ድልድዮች ዜሮ ነው የላኩት። አንዱ ቢሳሳት አምስቱ አይሳሳቱም።»

ያን ቀን እሷ ድልድዩ ላይ መች ነበረችና! እናቷ ወንዝ ዳር ባለው ቤታቸው ታመው አልጋ ላይ ነበሩ፤ ሮጣ ሄዳ አዝላ አወጣቻቸው። የቁጥሩን ቦታ ባዶ ብትተወው ስልኩ አልቀበልም ሲላት ዜሮ ጻፈችና ላከች፣ ምን ችግር አለው ብላ። ስትሮጥ ዞር ብላ ያየችው ወንዝ ግን ጠርሙስና ፌስታል ለብሶ ውሃው አይታይም ነበር።

መሐንዲሱ «ቁጥራችን ትክክል ነው» የሚል ወረቀት ለፊርማ አዞረ። ብትናገር ሥራዋ አለቀ፤ ያልቆጠረ ቆጣሪ ማን ይፈልጋል? ዝም ብትል ደግሞ መረቡ ዋናው ቆሻሻ በሚወርድበት ቀን ይነሳል፣ በእሷ ጦስ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፣ አርፈሽ ፈርሚ፣ ለልጆችሽ እዘኚ አለች በሆዷ። ደግሞስ ሌሎቹ አራቱ ቆመው ቆጥረው ዜሮ ካሉ እሷ ምን ቤት ናት? እስክሪብቶው እሷ ጋ ሲደርስ ግን ሳትፈርም ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው።

«ኢንጂነር፣ የኔ ዜሮ ውሸት ነው» አለች። «ያን ቀን አልቆጠርኩም። እናቴን ላወጣ ሄጄ ነበር።»

መሐንዲሱ ፊቱ ጠቆረ። ስለ እሷ በኋላ እንነጋገራለን ብሎ ድልድይዋን ከዝርዝሩ ሰረዘ፤ አራቱ ይበቁናል አለ። እሷም ቦርሳዋን አነሳች።

ይሄኔ የታችኛው ድልድይ ቆጣሪ፣ ጡረታ ለመውጣት ሦስት ወር የቀራቸው ሽማግሌ፣ ወንበራቸውን ገፍተው ተነሱ። መሬት መሬቱን እያዩ ነበር።

«የኔንም ሰርዘው፣ ልጄ፤ የኔም ዜሮ ያው ነው» አሉ።

መሐንዲሱ ወደ ቀሩት ሦስቱ ዞረ። ቀና ብሎ ያየው አልነበረም።