የደራቢው ካባ

ለሰማይና ለምድር፣ ለሹማምንትና ለሹፌሮች ሁሉ ይታወቅ! በሰፈሩ «ደራቢው» የሚባለው ታላቁ መስታወት ቆራጭ በዛሬዋ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከዘንዶ ጋር ጦርነት ገጥሟል። ዘንዶው ያለው ወረቀት ላይ ነው፤ የደራቢው ላብ ግን የእውነት ነው።

ይህ ሰው አንድ ልብስ ብቻ ለብሶ ወጥቶ አያውቅም። ሹራብ በሹራብ፣ ጓንት በጓንት ነው። የሰው የመስኮት መስታወት ሲያደርስ በጋዜጣ ይጠቀልላል፣ በካርቶን ያለብሳል፣ ብርድ ልብስ ይከምርበታል፤ ደንበኛው መስታወቱን ለማግኘት ዶማ ማንሣት ይቃጣዋል።

እሑድ እሑድ ደግሞ ወንድሙ ያቋቋመውን የጀግኖች ጨዋታ ይጫወታል። ጨዋታው በወረቀትና በዳይስ፣ ቁጥር በተጻፈበት የሚጣል ጠጠር ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የጀግናው መከላከያ በቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አለው፤ የጠላት ምት ያን ቁጥር ከደረሰ ጀግናው አለቀለት። ወንድሙ አምና ሞተ። የሚጫወትበት ጀግና፣ ፈረሰኛው፣ ግን ከነእጅ ጽሑፉ ለደራቢው ተረፈ። የዚህ ጠረጴዛ ሕግ ጨካኝ ነው፤ ጀግና ሲሞት ወረቀቱ እዚያው ይቀደዳል። ስለዚህ ደራቢው ያለ የሌለውን ደረበበት። መነሻው ዐሥር፣ የብረት ልብሱ ጥሩር ስድስት፣ ጋሻው ሁለት፣ ወንድሙ የተወለት የአስማት ቀለበት ሦስት። በዚያ ላይ ራሱ የጨመረው የአስማት ካባ፣ ሁለት። ሃያ ሦስት!

ዳይሱ ተጣለ። ከዘንዶው ጉልበት ጋር ተደምሮ ሃያ ሁለት።

«ሳተኝ!» ብሎ ጮኸ ደራቢው።

«ይቅርታ ጋሼ» አለች አዲሷ ተጫዋች፤ ፋርማሲ ትሠራለች፣ የደንቡንም መጽሐፍ አንብባ የመጣች ጉደኛ ናት። «ጥሩርና ጋሻ ይደመራሉ፣ ዓይነታቸው ይለያያል። ቀለበቱና ካባው ግን ሁለቱም አስማት ናቸው። አንድ ዓይነት ሲሆን ትልቁ ብቻ ነው የሚቆጠረው።»

«ለብሶታልኮ ልጄ! በዓይንሽ እያየሽ?»

«አንድ ማስታገሻ በሁለት ስም ገዝተው ቢውጡ፣ ጉበትዎን ይጎዳሉ እንጂ ራስ ምታትዎ ቶሎ አይለቅዎትም።»

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ደራቢው አልሳቀም። ካባው ሲወልቅ ሃያ አንድ ነው። ዘንዶው ሃያ ሁለት።

ሁሉም ወደ ዳኛዋ ዞረ። የጨዋታው ዳኛ የሟቹ ሚስት ናት።

«እትዬ፣ ታውቂ ነበር?» አላት ደራቢው።

«ካባውን የጻፍክ ዕለት ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እኔስ መቅደድ አምሮኝ ነው?» ወረቀቱን ሳበችና በመዳፏ አለሰለሰችው። «ጽሑፉ የሱ ነው። ግን ይቀደድ የሚለውንም ሕግ ያወጣው እሱ ነው።»

የሳቁት ሁሉ ጣሪያ ጣሪያ ማየት ጀመሩ። ደራቢው ሁለት ሹራብ ለብሶ ይንቀጠቀጣል።

«አንቺ ቅደጂው» አለ።

«አንተ ቅደደው።»

አንባቢ ሆይ፣ ወረቀቱ እስካሁን በሁለቱ መካከል ተቀምጧል። የደንቡን መጽሐፍ እኔም አገላበጥኩት። ወንድም በሞተ በዓመቱ ፈረሰኛውም ሲሞት፣ ሐዘኑ አንድ ዓይነት ነው ተብሎ ትልቁ ብቻ ይቆጠር፣ ወይስ ይደመር፣ አይልም። አንተ ግን ደንብ ዐዋቂ ነህና፣ እባክህ ገጹን ፈልግና ለነዚህ ሁለት ሰዎች አሳያቸው።